«ትልቁ» ወይስ «በላጩ»? ስለ አንድ የጀማሪዎች የኮምፒዩተር መማሪያ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረናል። ይሁን እንጂ ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሁለት ዓምድ በተጻፈ ዝርዝር ላይ ነው። በግራ በኩል የውጭው ቃል፣ በቀኝ በኩል የእኛው አቻ ይቀመጣል፤ ቃሉ ያምራል ወይስ አያምርም፣ ከግእዝ ይምጣ ወይስ ከገበያ ይነሣ እያልን እንመዝናለን። ቃሉ ከዝርዝሩ ወጥቶ፣ በአንድ የመማሪያ ገጽ ላይ ከሌሎች ቃላት ጋር ተሰልፎ ሥራውን ሲሠራ ማየቱ ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥመንም። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሂስ እንዲህ ያለ አጋጣሚ የወለደው ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ (ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በበደሳ ከተማ፣ ለጀማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት በክረምት ወራት ሲሰጥ ለመመልከት ዕድል አግኝተን ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በፎቶ ኮፒ በተባዛ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ ሲሆን፣ ጽሑፉ የአዘጋጁ ስም የለበትም። እኛም ቢሆን ስሙን መፈለግ አላስፈለገንም፤ የምንተቸው ቃላቱን እንጂ ሰውየውን አይደለምና። እንዲያውም በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለጀማሪ በአማርኛ ለማስረዳት የተነሣን ሰው ከሁሉ በፊት ልናመሰግነው ይገባል። መግቢያው ግልጽ ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር አካላት የሚናገረው ክፍልም ያለ አንዳች ችግር ይነበባል። ችግር የሚጀምረው አምስተኛው ትምህርት ላይ ነው። የትምህርቱ ርእስ «በድርድር ውስጥ ትልቁን ዋጋ ማግኘት» ይላል።

የበደሳ ተማሪዎች እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይተካል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ገሚሶቹ አማርኛን በቤታቸው የሚናገሩ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በገበያና በጎረቤት የተማሩት ናቸው። ሁሉም ግን ቡና ሲመዘን፣ ጫት ሲሸጥ፣ ማሽላ ሲሰፈር እያዩ ያደጉ በመሆናቸው፣ የማወዳደር ቋንቋ አይቸግራቸውም። ጽሑፉም ይህን ተገንዝቦ ምሳሌውን ከገበያ መውሰዱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ጉዳቱም የደረሰው በዚሁ ምሳሌ መሆኑ ያሳዝናል።

ምሳሌው እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ በአምስት የገበያ ቀኖች ያገኘው ሒሳብ ተዘርዝሯል፤ ትርፍ ከሆነ በቁጥሩ ብቻ፣ ኪሳራ ከሆነ የመቀነስ ምልክት ተጨምሮበት ይጻፋል። ነጋዴው ግን ያን ሰሞን አልቀናውም፤ አምስቱም ቀን ከስሯል፦ −120፣ −45፣ −300፣ −80፣ −210። ጥያቄው «ትልቁ ዋጋ የትኛው ነው?» ይላል። ከተማሪዎቹ የሚበዙት −300 ብለው መለሱ። ጥቂቶች −45 አሉ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የታተመው መልስ ግን 0 ነበር፤ በዚህም መሠረት መላው ክፍል «ተሳስታችኋል» ተባለ።

ዜሮ ከአምስቱ ቁጥሮች አንዱ እንኳ አይደለም። ነጋዴው ሳይከስር የዋለበት ቀን የለም። ታዲያ ይህ መልስ ከየት መጣ? በጽሑፉ ላይ የቀረበውን የአሠራር ቅደም ተከተል እንዳለ እናስቀምጠው፦

ትልቁ እኩል ይሆናል 0
ለእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ ድርድር
ቢሆን ቁጥር የሚበልጥ ከትልቁ
ትልቁ እኩል ይሆናል ቁጥር
አትም ትልቁ

ከኮምፒዩተር ሙያ ለራቀ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ማሽኑ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቶ «ይኸኛው ይበልጣል» ሊል አይችልም፤ እንደ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ብቻ ያስተያያል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር በእጁ ይይዛል፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ከያዘው ጋር ያስተያያል፤ የሚበልጥ ባገኘ ቁጥር የያዘውን ጥሎ ያገኘውን ይይዛል። ተርታው ሲያልቅ በእጁ የቀረው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። አምስት ጆንያ ቢኖር አራት ጊዜ፣ መቶ ቢኖር ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ መመዘን ብቻ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ባነሰ ምዘና እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ የበላይነቱን ያላገኘ ጆንያ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለበትና።

ጽሑፉ ግን ገና ከጅምሩ፣ ከጆንያዎቹ አንዱንም ሳይመዝን፣ በእጁ ዜሮ ያዘ። ቁጥሮቹ ሁሉ ከዜሮ በታች ስለሆኑ አንዳቸውም ዜሮን ሊበልጡት አልቻሉም፤ በመጨረሻም ዜሮው እንደተያዘ ቀረ። ይህ ስሕተት የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም ቋንቋ የሚማር ጀማሪ የሚሠራው፣ መምህራንም ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁት የታወቀ ስሕተት ነው። እኛን ያነጋገረን ሌላ ነገር ነው፦ ስያሜው ለስሕተቱ መንገድ ጠርጎለታል፤ −300 ላሉት ተማሪዎችም ስሕተቱን ያስተማራቸው ራሱ ቃሉ ነው።

«ትልቅ» በአማርኛ የመጠን ቃል ነው። ትልቅ ድንጋይ፣ ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ዕዳ እንላለን። ዕዳው በበዛ ቁጥር ዕዳው ይተልቃል እንጂ አያንስም። እንግዲህ «ከአምስቱ ኪሳራዎች ትልቁ የትኛው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ዐዋቂ ሦስት መቶውን ቢጠቁም፣ ቋንቋውን በትክክል አውቋል ማለት ነው። የተሳሳተው ጠያቂው ነው። ሒሳብ የሚፈልገው መጠኑን ሳይሆን በቁጥር መሥመር ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ነው፤ በዚህ ሚዛን −45 ከ−300 ይበልጣል። ገበያ የሚውል ሰውም ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ «የትኛው ቀን ይሻላል?» ቢባል ያለ ማመንታት አርባ አምስት ብር የከሰረበትን ቀን ይመርጣል። ዕውቀቱ በተማሪው ዘንድ ነበረ፤ «ትልቁ» የሚለው ቃል ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። አዘጋጁንም ያሳተው ይኸው ይመስለናል። መጠን ከምንም ይነሣልና፣ ምንም ካልታየ «ትልቁ» ምንም ነው፣ ማለትም ዜሮ ነው ብሎ ማሰብ በቃሉ ውስጥ የተቀበረ ሐሳብ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሰዋስዋዊ ነው። እንደሚታወቀው አማርኛ ለማወዳደሪያና ለበላይነት የተለየ ምዕላድ የለውም። በቅጽሉ ላይ አንዳች ባዕድ መድረሻ ጨምረን «ይበልጥ ትልቅ»ን ወይም «ከሁሉ ትልቅ»ን አንፈጥርም፤ የሚያወዳድርልን ግሥ ነው፦ «ከ…ይበልጣል»፣ «ከ…ያንሳል»፣ «ከ…ይሻላል»። «ትልቁ» የሚለው ቃል የያዘው «ትልቅ»ንና የእርግጠኝነት መድረሻን ብቻ ነው። ከሁለት ልጆች አንዱ «ትልቁ ልጄ» ነው፤ ከሰባትም አንዱ «ትልቁ ልጄ» ነው። ማወዳደሩ በአገባብ የሚታወቅ እንጂ በቃሉ ውስጥ የተነገረ አይደለም። ለዕለት ንግግር ይህ በቂ ነው፤ ለሙያ ቃል ግን አይበቃም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ተረድተው «ከፍተኛ»ን ይመርጣሉ፤ «ዝቅተኛ» የሚል መንትያ ስላለው ጥንዱ ለመዝገበ ቃላት ዓምድ ያመቻል። እኛ ግን በዚህ ቃል ላይ እምነት የለንም። የአገራችንን የፍርድ ቤቶች አጠራር ብንመለከት፣ ከከፍተኛ ፍርድ ቤት በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ ይግባኝ የሚባልበት «ከፍተኛ» ከሁሉ የሚበልጥ ሊሆን አይችልም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በሃያ አምስት «ከፍተኛ» ተከፍላ ስትተዳደር የኖረች መሆኗንም በዕድሜ የገፋ አንባቢ ያስታውሳል። ሃያ አምስት «ከፍተኛ» ሊኖር ከቻለ፣ ቃሉ የሚናገረው ደረጃን እንጂ የበላይነትን አይደለም ማለት ነው። «ከፍተኛ ዋጋ» ደግሞ ለበደሳ ነጋዴ ልጅ ውድ ዋጋ ማለት ብቻ ነው። «አውራ» ያሉም አሉ፤ አውራ ጣት ግን ከጣቶች ሁሉ ረጅሙ አይደለም።

የእኛ ምርጫ ከራሱ ከግሡ የሚወጣው «በላጭ» ነው። መረጠ መራጭ፣ ቈረጠ ቈራጭ እንደሚል በለጠም በላጭ ይላል። ቃሉ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በተለይ ሙስሊሞች በአማርኛ በሚጽፏቸው የሃይማኖት ጽሑፎች ውስጥ «ከዚህ ይኸኛው በላጭ ነው» የሚለው አነጋገር የተለመደ በመሆኑ፣ ለምዕራብ ሐረርጌ አንባቢ ጆሮ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። በላጭ ሲባል ወዲያውኑ «ከምን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ይህ ጥያቄም የትምህርቱ እምብርት ነው። «ትልቁ» ግን ጥያቄ አያስነሣም፤ ተወስኖ ያለቀ ነገር ይመስላል። ስለ መጠን ስለማይናገርም «ከ−300 −45 በላጭ ነው» ብንል አማርኛውም ሒሳቡም አይጣሉም።

አፋን ኦሮሞም በዚህ ረገድ ከአማርኛ ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል፤ ማወዳደሪያው «ጫላ»፣ ማለትም በለጠ፣ የሚለው ግሥ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሡ የሰው ስም እስከ መሆን ደርሷል። አንዱ ልጁን በለጠ ሲለው ሌላው ጫላ ይለዋል፤ በዚያ ክፍል መዝገብ ላይም ሁለቱ ስሞች ቢገኙ ማንንም አያስገርምም። የአፋን ኦሮሞን ስያሜ መወሰን የቋንቋው ባለሙያዎች ፈንታ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አንገባም፤ ነገር ግን የአማርኛው ስያሜ በግሡ ላይ ቢመሠረት፣ ሁለቱን ቋንቋዎች የያዘ ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ድልድይ እንደሚሻገር ግልጽ ነው።

«በላጭ» አንድ ጉድለት እንዳለበት አንደብቅም። መንትያ የለውም። ከ«አነሰ» የሚወጣው «አናሳ» በፖለቲካውና በሕዝብ ቈጠራው ቋንቋ ስለተያዘ፣ ለተቃራኒው «የሚያንሰው» ከማለት የተሻለ አላገኘንም። ጥንዱ አያምርም። ይሁንና ስለ ዓምድ ውበት ሲባል ትክክለኛውን ቃል መጣል አይገባም።

ቃሉ ቢታረም እንኳ ጽሑፉ ሌላ እርማት ይሻል። በመጀመሪያው መሥመር ላይ፣ ገና አንዳች ነገር ሳይስተያይ፣ «ትልቁ» የሚል ስም ተሰጥቷል። አንዲት ተማሪ «ሳናወዳድር ትልቁ መሆኑን በምን ዐወቅን?» ብላ ስትጠይቅ ሰምተናል። መልስ አላገኘችም፤ ጥያቄዋ ግን ከጽሑፉ ይልቅ ጥልቅ ነበር። በእጅ የተያዘው ቁጥር ተርታው እስኪያልቅ ድረስ የሁሉ በላጭ አይደለም፤ እስካሁን ከታዩት በላጭ ነው። አማርኛ ለዚህ «እስካሁን» የሚል ግሩም ቃል አለው፤ «የእስካሁኑ በላጭ» ብንለው ስያሜው ራሱ የሥራውን ምስጢር ይናገራል። ሲያልቅ ብቻ «የተርታው በላጭ» ይባላል።

የዐረፍተ ነገሩ አሠካክም አማርኛ አይደለም። «ቢሆን ቁጥር የሚበልጥ ከትልቁ» የሚለው የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል ቃል በቃል የተከተለ ነው። በእኛ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሁኔታውንም የሚያመለክተው በግሡ ላይ የሚገባው ምዕላድ ነው፦ «ቁጥሩ ከእስካሁኑ በላጭ ቢበልጥ»። «እኩል ይሆናል» የተባለውም አሳሳች ነው፤ እኩልነትን የሚናገር ሆኖ ሳለ የተፈለገው ትእዛዝ ነውና። «ይሁን» ይበቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን ቢመስልም ቁም ነገር ያለው ልዩነት እናክል። ሁለት ጆንያዎች እኩል 61 ኪሎ ቢመዝኑ የትኛው ይያዝ? «ቢበልጥ» ካልን እኩል የሆነው አይተካውምና የመጀመሪያው እንደተያዘ ይቀራል። «ባያንስ» ካልን ደግሞ እኩሉም ይተካዋልና የኋለኛው ይቀራል። አማርኛ «አይበልጥም»ንና «አያንስም»ን እንዲህ በጠራ ሁኔታ ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ ጽሑፉ አንድ ቦታ «ቢበልጥ ወይም እኩል ቢሆን» ሌላ ቦታ «ከፍ ቢል» እያለ ማወላወሉ አስፈላጊ አልነበረም።

አሁን ወደ «ድርድር» እንምጣ። ቃሉ «ደረደረ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነገሮችን ለማመልከት ሥርወ ቃሉ ይስማማዋል። የመጀመሪያው እንቅፋት ከ«ተደራደረ» የወጣው ሌላው «ድርድር» ነው። ሲነገሩ በማጥበቅና በማላላት ይለያያሉ፤ የኋለኛው ሁለተኛዋን «ድ» ያጠብቃል። ፊደላችን ግን መጥበቅን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ናቸው። «በድርድር ውስጥ ትልቁን ዋጋ ማግኘት» የሚለውን ርእስ በመጀመሪያ ያየ ሰው የቡና ዋጋ ስለ መከራከር የሚያስተምር ቢመስለው አይፈረድበትም። በተለይ «ዋጋ» ከጎኑ ሲቆም ጥርጣሬው ይጠናል።

ሁለተኛው እንቅፋት የባሰ ነው። በአማርኛ የተደረደረ ነገር በሥርዓት የተቀመጠ ነገር ነው፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ወይም በሌላ ሥርዓት። እውነት ድርድሩ በመጠን የተደረደረ ቢሆንማ ትልቁ መጨረሻ ላይ ይገኝ ነበር፤ ፍለጋም ባላስፈለገ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሌላ መልመጃ ሲሠራ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አንሥቶ መስጠቱን ስናይ፣ ሰንፎ ሳይሆን ቃሉን አምኖ እንደሆነ ተረዳን።

ሌሎች አማራጮችን መዝነናል። «ዝርዝር» ለሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ የሳንቲም ዝርዝርም አለ። «ሰልፍ» ፊተኛው ቀድሞ ለሚወጣበት ሌላ አደረጃጀት ይቀመጥ። «ረድፍ» ከዓምድ ጋር ተጣምሮ በሰንጠረዥ ውስጥ ሥራ አለው። «ተራ» በቡና ተራና በጫት ተራ ገበያውን ይዞታል፤ ተራ ነገር ሲባልም ዝቅ ያደርጋል። የሚቀረው «ተርታ» ነው። ተርታ ጎን ለጎን መሆንን እንጂ በመጠን መቀደምን አይናገርም፤ ሲጻፍም ከሌላ ቃል ጋር አይምታታም። አይራባም የሚል ነቀፌታ ሊቀርብበት እንደሚችል እናውቃለን፤ «ደረደረ» ግን ደርድር፣ ተደርዳሪ፣ አደራደር እያለ ይወልዳል። እኛ ደግሞ እነዚያን ልጆች በመጠን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ሥራ ብናስቀምጣቸው ይሻላል ባዮች ነን። ያኔ «ተርታውን ደርድር» ስንል ሁለቱ ቃላት ሁለት ነገር ይናገራሉ።

በላጩ የቱ ጋ እንዳለ የሚነግረውን ቁጥር ጽሑፉ «ተራ ቁጥር» ይለዋል። ከዚያም ወዲያው «ተራ ቁጥር የሚጀምረው ከ0 ነው» ይላል። እዚህ ላይ ክፍሉ በሙሉ እርሳሱን አስቀመጠ። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከዜሮ መጀመራቸው በዘፈቀደ አይደለም፤ የኔዘርላንድሱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ማስታወሻ ምክንያቱን ያስረዳል። ጥፋቱ ያለው በስያሜው ላይ ነው። ተራ ቁጥር በመዝገባችን ሁሉ ከአንድ ይጀምራል፤ ዜሮኛ የሚባል ተማሪ የለም፤ የግእዝ አኃዝም ዜሮ የለውም። ውጤቱ 3 ሆኖ ሲታተም «3ኛው ጆንያ» ተብሎ ተነበበ፤ የተፈለገው ግን አራተኛው ነበር። እውነተኛ ጆንያ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተው ይፈታ ነበር።

ያ ቁጥር በእውነቱ የሚናገረው ከመነሻው ያለውን ርቀት ነው። የመጀመሪያው ከራሱ አይርቅም፤ ርቀቱ ዜሮ ነው። ይህ አቈጣጠር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ያለ ሕፃን «ገና ዓመት አልሞላውም» እንላለን እንጂ አንድ ዓመቱ ነው አንልም። ሰዓታችንም ቢሆን ፀሐይ ከወጣች አንድ ሙሉ ሰዓት ሲያልፍ ነው አንድ የሚለው፤ ዜሮውን ግን አሥራ ሁለት ብለን ሸሽገነዋል። አንድ ባልደረባችን «እርምጃ» ይባል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሦስት እርምጃ ከመነሻው ማለቱ ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ነፃ እርምጃ» ሲባል የሰማ ትውልድ ገና በሕይወት ስላለ፣ ለልጆች መማሪያ አናቀርበውም። «ርቀት» ይሁን።

ስለ «ዋጋ» ብዙ አንልም። በሒሳብ ትምህርት ሥር ሰዷል፤ «እሴት» ደግሞ ስለ ባህልና ስለ ሥነ ምግባር ሲነገር የምንሰማው ሆኗል። ምሳሌው ከገበያ በሚወሰድበት ጊዜ ግን በ«ዋጋ» ፋንታ «ቁጥር» ብሎ ማለፍ ጥርጣሬን ያስቀራል።

የመጨረሻው ነጥባችን የፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር ላይ መጻፍ ችግር መሆኑ ቀስ በቀስ ቀርቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የተለዋዋጮችን ስም በዚሁ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ «በላጭ» የሚለው ስያሜ በማብራሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥም ገብቶ ሊሠራ ይችላል። ይህ ለስያሜ ሥራ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከዕድሉ ጋር ግን ያልለመድነው ዳኛ መጥቶብናል። ጽሑፉ በአንድ ገጽ ላይ «የዓመቱ_ሒሳብ»፣ «የአመቱ_ሂሳብ» እና «የዓመቱ_ሂሳብ» ብሎ ጽፏል። አንባቢ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ያደርጋቸውና በመጀመሪያው የተቀመጠውን ሁለተኛው ሲጠይቀው «አላውቀውም» ይላል። ተማሪው ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ በመጨረሻ የሚያገኘውም የሒሳብ ስሕተት ሳይሆን የሐመሩን «ሐ» ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለውን የቈየ ክርክር እዚህ አንከፍተውም። የትኛውም ወገን ቢረታ፣ በአንድ መማሪያ ውስጥ አንድ ቃል በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ መቅረብ እንዳለበት ግን ከእንግዲህ ክርክር የሚያስነሣ አይመስለንም።

ከዚህ በላይ ያልነውን ሁሉ ይዘን የአምስተኛውን ትምህርት ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ጽፈነዋል፦

የእስካሁኑ በላጭ፣ በተርታው መነሻ ላይ ያለው ቁጥር ይሁን።
ከመነሻው ቀጥሎ ካለው ጀምረህ እስከ መጨረሻው፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተመልከት።
የተመለከትኸው ቁጥር ከእስካሁኑ በላጭ ቢበልጥ፣ የእስካሁኑ በላጭ እርሱ ይሁን።
ተርታው ሲያልቅ፣ የእስካሁኑን በላጭ የተርታው በላጭ ብለህ ጻፍ።

የነጋዴውን አምስት ቀን በዚህ ብንመዝን፣ መጀመሪያ −120 ይያዛል፤ −45 ስለሚበልጠው ይተካዋል፤ የቀሩት ሦስቱ −45ን አይበልጡም፤ አራት ጊዜ ተመዝኖ −45 ይጻፋል። እነዚያ ጥቂት ተማሪዎች ልክ ነበሩ።

ይህን ስናነብላቸው ያችው ተማሪ ሌላ ጥያቄ አነሣች፦ ነጋዴው አንድ ቀንም ገበያ ባይወጣስ? በተርታው ላይ አንድም ቁጥር ከሌለ «በመነሻው ላይ ያለው» የሚባል ነገር የለም፤ አሠራራችንም ከመጀመሪያው መሥመር አያልፍም። በልማዳችን «ባዶ» የምንለው ለዜሮም፣ ምንም ላልያዘ ነገርም ነው፤ የኳስ ጨዋታ ባዶ ለባዶ ያልቃል፣ ጆንያም ባዶ ይሆናል። ባዶ ተርታና ዜሮ የተጻፈበት ተርታ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በላጭ የለውም፣ የሁለተኛው በላጭ ዜሮ ነው። ስለዚህ «ባዶ»ን ለተርታ፣ «ዜሮ»ን ለቁጥር ለይተን፣ ከአራቱ መሥመሮች በፊት ይህን አንድ መሥመር ጨምረናል፦ ተርታው ባዶ ቢሆን፣ «በላጭ የለም» ብለህ ጽፈህ አቁም።